«ድኗል» ብዬ የፈረምኩለት ጋሪ ነጂ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ «ጋሼ ዘነበ፣ ያን ሁሉ ዘመን በምን ሥራ ነበር ያሳለፍከው?» ይለኛል። ባለቤቴ ቀድማኝ «በጤና ነው» ትልና ወሬውን ቶሎ ወደ ሌላ ትወስደዋለች። አልፈርድባትም። እኔ አፌን ከከፈትኩ የማወራው እውነቱን ነው፤ የሰው መቀመጫ ሳይ ነው የኖርኩት! ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ እባጭ ከፋች ነበርኩ። ድሬሰር ይሉናል። አብረውኝ ከሠለጠኑት አንዱ በዓይን ሠራ፣ አንዱ በጥርስ ሠራ፣ ለእኔ ይኸው ደረሰኝ። ማን እንደመረጠልኝ እንጃ፤ እኔ እንኳ አልመረጥኩትም።

ይህን የምጽፈው ግን ለማሳቅ አይደለም። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንድ ጋሪ ነጂ ላይ የሠራሁት ስህተት አለ። አገር ምድሩ ስህተቴን ብልሃት ነው ብሎ አመሰገነኝ። ልፈርበት ይሁን ልደሰትበት ግራ እንደገባኝ እስከ ዛሬ አለሁ። ለልጆቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። እንግዲህ ለወረቀት ልንገረው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደራ ነው፤ ከናዝሬት ወደ አሰላ ስትሄዱ ያለችው ደራ። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበረው። አለቃዬ ባሻ ደምሴ በንጉሡ ጊዜ በጦሩ ሕክምና ክፍል ያገለገሉ፣ ቅንድባቸው ዓይናቸውን የሸፈነ፣ ከመናገር ማጉረምረም የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆሙና አግዳሚ ወንበሩን ያያሉ። በወንበሩ ላይ ያሉትን ሰዎች ግን አያዩም። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

«ያን ያልተቀመጠውን ሰውዬ አስገባው» ይሉኛል።

ሰውዬው ይገባና «ወገቤን ነው» ይላል።

«ወገብህን ቢሆን ቁጭ ብለህ ትጠብቀኝ ነበር። ሱሪህን አውልቅ።»

አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ግን ይሄኛውን የማይደብቅ ማን አለ? አንዱ ወገቤን ይላል፣ አንዱ እግሬን ይላል፣ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ራሴን ነው ብላ አስፕሪን ይዛ ልትሄድ ነበር። አገሬው ደግሞ ከወገብ በታች ከኋላ ያለውን ሁሉ «ኪንታሮት» ብሎ ይገላገለዋል። ኪንታሮት ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ወደ ፊት ፊስቱላ ስል ደግሞ በምጥ የተጎዱ ሴቶች እንዳይመስሏችሁ፤ ያም ሌላ ነው።

ባሻ እንዳስረዱኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቀመጫው በር ትንሽ ገባ ብሎ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። አንዷ ትደፈንና ትመግላለች። መግሉ መውጫ ሲያጣ ሥጋውን እየሰነጠቀ ወደ ውጭ ይመጣል፣ ከበሩ አጠገብ ቆዳው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሰውየው መቀመጥም መተኛትም ይከለከላል። መግል ከቋጠረ ደግሞ ፔኒሲሊን አይሰማም፤ መክፈት ነው። ከተከፈተ ብዙው ሰው ይድናል። አንዳንዱ ላይ ግን የውስጧ ቀዳዳ ሳትዘጋ ትቀርና መግሉ የመጣበት መንገድ መንገድ ሆኖ ይቀራል። ፊስቱላ የሚባለው ይኸው መንገድ ነው።

ባሻ ቁስሉን ከከፈቱ በኋላ ውስጡን ጎዝ በሚባለው ስስ የቁስል ጨርቅ ይሞሉና የገባውን ጎዝ ርዝመት በክር ለክተው ይቋጥሩታል። ክሩን ግድግዳው ላይ ከነስሙ በምስማር ይሰቅሉታል። በማግስቱ የሚገባው ጎዝ ከዚያች ቋጠሮ በጥፍር ያህል ማጠር አለበት። ጭራሽ ካላጠረ ይቆጣሉ። ድንገት በግማሽ ካጠረ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ባሻ፣ ማጠሩ ጥሩ አይደለም እንዴ? እየዳነ እኮ ነው።»

«አባትህ ገበሬ ነው?»

«አዎ።»

«ፍልፈል ማሳው ውስጥ ሲገባ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ደፍኖ ሞተልኝ ይላል?»

«አይልም። በሌላ በኩል ይወጣበታላ።»

«በል ጎዙን አምጣ።»

ትምህርቱ ይኸው ነበር። ቁስል ከታች ይሙላ፣ አፉ መጨረሻ ይዘጋ። ለበሽተኛው ደግሞ ጠዋትና ማታ፣ ከተጸዳዳም በኋላ፣ በሳፋ ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ቁጭ ማለት። መንገዱ ፊስቱላ ሆኖ ከቀረ ግን ባሻ ምላጭ አያነሱም። «በሩን የሚዘጋው ጡንቻ እዚያ ነው ያለው። እሱን ቆርጠህ ሰውየው ሱሪው ላይ ቢያመልጠው ምን ልትለው ነው? ይሄ የሐኪም ነው» ብለው ወደ ሆስፒታል ይልኩታል።

ከደራ ወደ ዝዋይ ተዛወርኩ። የዝዋይ አለቃዬ ስብሰባ ወዳድ ነበር፤ ጎዝ አለቀ ስንለው ስለ ሰፊው ሕዝብ ያወራናል። ደመወዙም እንደሆነ ከመዋጮ የተረፈው ነው፣ እሱን ተዉት። ከዚያ ናዝሬት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ መጣሁ። ናዝሬት የጋሪ ከተማ ነበረች። ጋሪ ነጂ ቀኑን ሙሉ እንጨት ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ አቧራ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጉድጓድ ሲዘል ይውላል። በሽታውን ያመጣው መቀመጡ ነው አልልም፣ አላውቅማ። ግን ሲይዛቸው መከራ ነበር።

ናዝሬት ከመጣሁ ወዲህ ክር መቋጠር ተውኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጊዜ የለም። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ግድግዳ ላይ የተቋጠረ ክር ስሰቅል ያየ የቀበሌ ሰው ጠንቋይ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እጄ ለምዷል፣ ዓይኔ ይበቃኛል አልኩ።

ጉደታ የመጣው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጋሪውን ቆሞ እየነዳ መጣ። እናቱ አዴ ጫልቱ፣ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ባልቴት፣ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ጋሪ ነጂ ቆሞ፣ ተሳፋሪ ተቀምጦ! ባሻ ትዝ አሉኝና ሳልጠይቀው አስገባሁት። እባጩ እንቁላል ያህላል። አደንዝዤ ስከፍተው የወጣውን መግልና ሽታውን አልነግራችሁም። ልጁ ግን ትልቅ እፎይታ ተነፈሰ።

«እናቴ ትሙት ጋሼ ዘነበ፣ አሁን ገና ተወለድኩ!»

አዴ ጫልቱ ከበሩ ውጭ ሆነው «አይ ልጄ፣ ከመዳንህ እኔን ልትገድል?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን።

ጎዝ ለማስቀየር ሁለት ቀን መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ፈረሱ ካልሠራ አይበላም። በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝቼው «ተዘግቷል፣ ደርቋል» ሲለኝ ደስ አለኝ። እጄ ቀላል አይደለም ብዬ ኮራሁ። ከወር በኋላ እዚያው ቦታ አበጠ፣ ድጋሚ ከፈትኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ስንዴ የምታህል ቀዳዳ ታዥ ነበር። ይሄማ ፊስቱላ ነው፣ ለአዲስ አበባ ሆስፒታል ደብዳቤ ጻፍኩለት። ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ሲል ሳይሄድ ቀረ።

ያን ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል። ጉደታ ዝርዝሩ ላይ ነበረ። «በሕክምና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ጻፍኩለት፣ ቀበሌውም አቆየው። ጓደኞቹ ግን ጋሪ ተራው ላይ «በመቀመጫው ተደበቀ» እያሉ አላገጡበት። የኋላ ኋላ ከዚያ ተራ አራቱ ተመልምለዋል፤ ሲያላግጡ የነበሩት ራሳቸው።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር መዝገብ ይዞ መጣ። ጉደታና እናቱም ተጠርተው መጡ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ስብሰባ ሄዶ ማኅተሙን ለእኔ ትቶልኝ ነበር።

«ጓድ ዘነበ፣ ይሄ ልጅ ድኗል ወይስ አልዳነም? ቁርጡን ንገረን» አለኝ ሊቀመንበሩ።

ልጁን አስገብቼ አየሁት። ቀዳዳዋ የለችም! ቆዳው ገጥሟል፣ ደርቋል። «ወር ሆነኝ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጋሪውንም ተቀምጬ ነው የምነዳው» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። በጣቴ ስደባብሰው ከቆዳው ሥር ወደ ውስጥ የሚሄድ እንደ ሲባጎ ጠንከር ያለ ነገር ተሰማኝ። የድሮው ጠባሳ ነው አልኩ። ተጠራጠርኩ፣ ግን ምን እንደምጠራጠር ግራ ገባኝ። ስጫነው አላመመውም። ባያመው ዳነ አልኩ።

ስወጣ አዴ ጫልቱ መተላለፊያው ላይ እጄን ያዙኝ። «ማሎ፣ እባክህ ዶክተር፣ አልዳነም በል። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም። አንዲት ቃል ናት፣ ምን ይጎዳሃል?»

«አዴ ጫልቱ፣ እኔ ውሸት ጽፌ አላውቅም።»

«ለሰው ነፍስ ሲሆን ውሸት አይባልም፣ ልጄ!»

እጄን አስለቅቄ ሄድኩና «ድኗል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ። ልዋሽላቸው ባለመፈለጌ ኮርቼ ነበር፣ እግዜር ይይልኝ። ጉደታ ከአራቱ ጋር በዚያው ሰሞን ተጫነ። መኪናው ሲነሳ እየሳቀ እጁን አወዛወዘልኝ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እሑድ ደራ ወረድኩ። ባሻ ጡረታ ወጥተው ገበያው ዳር አንዲት ቤት ነበራቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ጣትህ ምን አገኘ?»

«እንደ ሲባጎ ያለ… ወደ ውስጥ የሚሄድ።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኙት። «እና ድኗል ብለህ ጻፍክ?»

«ቆዳው ተዘግቶ ነበር እኮ ባሻ። ደርቆ ነበር።»

«አፉን ደፍኖ ተኝቷል እንጂ የት ሄደና! በጣትህ እየዳሰስከው? ደግሞ ክሩንስ? ስንት ጎዝ እንደገባ፣ በስንት ቀን እንዳጠረ የቋጠርክበት ክር የታለ?»

«ትቼዋለሁ» አልኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ አልሰደቡኝም። ተነሥተው ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉብኝ። ከስድብ የባሰ አመመኝ። አዴ ጫልቱ የለመኑኝ «አልዳነም» እንድል ነበር። ብዋሽላቸው ኖሮ እውነት እናገር ነበር። እውነት ብዬ የጻፍኩት ደግሞ ውሸት ሆነ። ይሄን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እስከ ናዝሬት ሳሰላስል መጣሁ፣ ራሴ ዞረ።

ሰኞ ቀበሌ ሄድኩና «ተሳስቻለሁ፣ ልጁ አልዳነም፣ ይመለስ» አልኩ። ሊቀመንበሩ ካሁን ካሁን ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑን አጠበበብኝ።

«ጓድ፣ ከሄደ በኋላ ታሟል ስትል ይሄ አሻጥር እንዳይመስልብህ። ማኅተሙ የማን ነው?»

«የእኔ… የጤና ጣቢያው።»

«እንግዲያው ድኗል። ወደ ሥራህ ተመለስ።»

ተመለስኩ። ፈራሁ፣ ምን ልበላችሁ፤ ጀግና አይደለሁም። አዴ ጫልቱ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም አይሉኝም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቲማቲሙን ያገላብጣሉ። እኔም በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ረፋድ ላይ በሩ ላይ ጩኸት ሰማሁ። አዴ ጫልቱ ናቸው። ልጃቸውን እጁን ይዘው እየጎተቱ ገቡና ጉልበቴ ላይ ወደቁ። «ገለቶማ! ገለቶማ ዶክተር! እኔ ጅል፣ ስረግምህ ኖሬ!» እያሉ ጉልበቴን ይስማሉ። ጉደታ ከስቷል፣ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ግን ቆሟል።

የሆነው ይህ ነበር። ማሠልጠኛው በገባ በወሩ እዚያው ቦታ አብጦ ትኩሳቱ አቃጥሎት ሊሞት ደረሰ። ወደ ጦር ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሞቹ መግሉን ከፍተው በመንገዱ ውስጥ ክር አሳልፈው ላላ አድርገው አሰሩለት፤ ጡንቻው ሳይቆረጥ መግሉ በክሩ እያዠ፣ መንገዱ ቀስ በቀስ እንዲጠብ። ክሩ ወራት ይፈጃል። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ አብረውት የሄዱት ልጆች ሥልጠና ጨርሰው ወደ ሰሜን ዘመቱ። የሁለቱ መርዶ ሰፈር ደርሷል። የቀሩት የሁለቱ ወሬም ጠፍቷል። እሱን ለውትድርና አይሆንም ብለው ከነክሩ አሰናበቱት።

«አውቀህ ነው አይደል?» አሉኝ አዴ ጫልቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሽታውን ውስጡ ደብቀህ ላክኸው! ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም። ጎበዝ!»

ጎንበስ ብዬ ከጉልበቴ ላይ አነሣኋቸው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬው ናዝሬትን ከዞረ በኋላ ነው እኔ የሰማሁት። ዘነበ ድሬሰር በሽታ ደብቆ ሰው ያተርፋል ተባለ። እናቶች ይመጡ ጀመር። አንዷ ምንም ያላመመውን ጤነኛ ልጇን ይዛ መጥታ «እንደ ጉደታ አድርግልኝ» አለችኝ።

«እማማ፣ እኔ ያደረግሁት ነገር የለም። ተሳስቼ ነው!»

«ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ። ግድግዳም ጆሮ አለው» ብላ ጠቀሰችኝ።

አቤት ጉድ! እውነቱን ብናገር እየተጠነቀቀ ነው ይሉኛል፣ ዝም ብል አመነ ይሉኛል። ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ከገባ ወህኒ እወርዳለሁ፣ እሱም ላላደረግሁት። አንዳንዴ ደግሞ፣ አልዋሻችሁም፣ መንገድ ላይ እናቶች ጎንበስ ብለው ሲያልፉ ደስ ይለኛል። ወዲያው እሸማቀቃለሁ። ባሻን ሄጄ ልጠይቃቸው አልኩ፤ ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው ግን ጠፋኝ።

ጉደታን በየሳምንቱ እኔ አጥበው ነበር። ጎዙን እንደገና በክር ለክቼ መቋጠር ጀመርኩ፣ ጠንቋይ ያለ ይበል። መንገዱ ጠቦ ጠቦ የሆስፒታሉ ሐኪም በቀጠሮው ክሩን ካወጣለት በኋላ ለመጨረሻ እጥበት መጣ። ጎኑን ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በጣቴ ደባበስኩት። ሲባጎው የለም፣ ሥጋው ለስልሷል፣ ደጋግሜ ደባበስኩት።

«አሁንስ ድኛለሁ ጋሼ ዘነበ?»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«ጉደታ፣ ሰው የሚያወራው ሐሰት ነው። ያኔ አውቄ አይደለም። በጣቴ ነክቼው አላወቅሁትም። ድነሃል ብዬ አምኜ ነው የላክሁህ። ልትሞት ነበር፣ በእኔ ምክንያት። ይቅር በለኝ።»

ትከሻው አልተንቀሳቀሰም። ይሰድበኛል፣ ወይም እንደ ሌሎቹ «ገባኝ» ብሎ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያኔ ስትፈርም ፊትህን አይቼዋለሁ። የሚያታልል ሰው ፊት አልነበረም። እናቴ ደስ ስላላት ነው ዝም ያልኩት።»

«ታዲያ አልተቀየምከኝም?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ቀስ ብሎ፣

«ለነዚያ ለአራቱ ግን የሚሳሳትላቸው ሰው ጠፋ፣ አይደል ጋሼ?» አለ።

አራቱንም የመረመርኳቸው እኔ ነበርኩ። ጤነኞች ናቸው ብዬ ጻፍኩ፤ ጤነኞችም ነበሩ። አንዳቸውም ላይ አልተሳሳትኩም።